ሹካ፣ ኩስኩስትና አሳላፊ፦ የገበታ መስተንግዶ ደረጃ ከየት መጣ?



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንንሽ ነገሮች ነው። ስለ ሹካ፣ ስለ ማንኪያና ስለ ቢላዋ፤ እነዚህ ዕቃዎች በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በምን ሥርዓት እንደሚቀመጡ፣ ምግቡንም ማን ለማን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያቀርብ። የታሪክ መምህር በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ያገባኝ በዚህ ምክንያት ነው። የሆቴል አስተዳደር ለሚያጠኑ ተማሪዎች አንድ የታሪክ ኮርስ ለዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁ። ተማሪዎቹ ወደ እኔ ክፍል ሲመጡ ሹካ በግራ፣ ቢላዋ በቀኝ እንደሚሆን፣ የቢላዋው ስለት ወደ ሰሐኑ እንደሚዞር፣ የውኃው ብርጭቆ ከቢላዋው ጫፍ በላይ እንደሚቆም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለምን እንደዚያ ሆነ ብዬ ስጠይቃቸው የማገኘው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ደረጃው ነው» ይሉኛል። ይህን «ደረጃ» የሚሉትን ነገር መነሻውን ልናየው ይገባል። ማን አወጣው? መቼ? ምን ዓይነት ችግርን ለመፍታት? እኛስ ከእርሱ በፊት ደረጃ አልነበረንም ወይ? በዚህ ንግግር ውስጥ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቃላቱ ልጀምር፤ ዕቃው በየት በኩል እንደመጣ ብዙ ጊዜ ስሙ ይነግረናልና። ማንኪያ በግእዝ «ማንካ» የተባለ የቆየ የራሳችን ቃል ነው። ሹካ ግን ከዐረብኛው «ሸውካ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም እሾህ ማለት ነው። ሰሐንና ፎጣም እንደዚሁ ከዐረብኛ የተወረሱ ናቸው። ሲኒ ደግሞ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ሲሆን የሸክላውን የመጀመሪያ አገር በስሙ ተሸክሞ ቀርቷል። ጠረጴዛ የግሪክኛው «ትራፔዛ» ነው። ሆቴል፣ ሜኑና ቡፌ የአውሮፓ ናቸው። ገበታ፣ መሶብ፣ ሌማትና ጭልፋ እቤት የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ የተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ የግእዙ ዘመን፣ የቀይ ባሕር ንግድና የ20ኛው መቶ ዓመት የሆቴል ሥራ አንድ ላይ ተደርድረው እናገኛቸዋለን። ሹካ ከአውሮፓ የመጣች መስሎ ለሚታየው ሰው ይህ ትንሽ ማሳሰቢያ ነው፤ ዕቃዋ በኋላ ከአውሮፓ ብትበዛም ስሟ የመጣው በሌላ በር ነው።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሂድ፤ ተማሪዎቻችን «ደረጃ» የሚሉት ሥርዓት የተሠራው እዚያ ነውና። በመካከለኛው ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ መኰንን በአንድ የፈረንሳይ ወይም የእንግሊዝ መስፍን ግብዣ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ በጣም እንግዳ ነገር ያጋጥመው ነበር ብዬ አላምንም። ከምግብ በፊት አሽከር በማስታጠቢያ ውኃ ያፈስላቸዋል፤ ፎጣ ይዞ የሚከተል ሌላ አሽከር አለ። ካህን ማዕዱን ይባርካል። ምግቡ በጋራ ሳሕን ይቀርባል፤ ተመጋቢው በጣቶቹ ያነሣል። በፊት ለፊቱ ያለው ሰሐን ሳይሆን «ትሬንቸር» የሚባል የደረቀ ዳቦ ቁራጭ ነው፤ ወጡ በእርሱ ላይ ይሆናል፤ ግብዣው ሲያበቃም ይበላል ወይም ለድሆች ይሰጣል። እንጀራ ምግብም ሰሐንም መሆኑ ለሚያስደንቃቸው የውጭ እንግዶች ይህን ብትነግሯቸው ጥሩ ነው፤ የአያቶቻቸው አያቶች እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ቢላዋ የቤቱ ባለቤት የሚያቀርበው ዕቃ አልነበረም፤ እንግዳው በወገቡ ታጥቆ ይመጣ ነበር።

ሹካ ወደዚህ ገበታ የገባችው በተቃውሞ ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት ከቁስጥንጥንያ ለቬኒስ ገዥ የተዳረች አንዲት ልዕልት ምግቧን በወርቅ ሹካ ታነሣ ስለነበር ጴጥሮስ ዳምያኒ የተባለ መነኩሴና የቤተ ክርስቲያን አባት በጽሑፉ ክፉኛ ነቅፏታል። እግዚአብሔር ጣት የሰጠው ሰው በብረት ለምን ይበላል የሚል መንፈስ ያለው ነቀፋ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ቶማስ ኮርያት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1611 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጣልያኖች በሹካ ሲበሉ ማየቱን እንደ ብርቅ ነገር ይተርካል፤ ልማዱን ይዞ አገሩ ሲገባም ወዳጆቹ ቀልደውበታል። ብዙ የምግብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሹካ በጣልያን ቀድማ የተስፋፋችበትን ምክንያት ከፓስታ ጋር ያያይዙታል፤ ትኩስና አንሸራታች ነገር በጣት አይመችምና። ኤራስመስ በ1530 ለልጆች ሥነ ሥርዓት ብሎ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ እንኳ በጣት መብላትን አይከለክልም፤ የሚያስተምረው በጣት እንዴት በጨዋነት እንደሚበላ ነው።

ኖርበርት ኤልያስ የተባለው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ በ1939 ባወጣው ታላቅ ሥራው ይህን ለውጥ ሲመረምር አንድ ጠንካራ ነገር ይናገራል። ሹካ የተስፋፋችው ለጤና ተብሎ አይደለም፤ የጤናው ምክንያት በኋላ የመጣ ማብራሪያ ነው። የቀደመው በቤተ መንግሥት ሰዎች መካከል እያደገ የመጣው የኀፍረትና የመጸየፍ ስሜት ነው ይላል። ስለ ቢላዋም የሚለው ተመሳሳይ ነው፤ የጦር መሣሪያ የሆነው ዕቃ ከገበታ ላይ ቀስ በቀስ ስለቱንና ሹልነቱን እንዲያጣ ተደረገ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በ1669 ሹል ቢላዋን መከልከሉ በዚህ መስመር የሚጠቀስ ነው። ዛሬ በሆቴል ጠረጴዛ ላይ ያለው የቢላዋ ጫፍ ክብ የሆነው፣ ስለቱም ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ ራስ ሰሐን የሚዞረው፣ ሰላም ነኝ የማለት የቆየ ምልክት ስላለበት ነው። በኤልያስ ትንታኔ በአብዛኛው እስማማለሁ። ነገር ግን እርሱ ያየው ቤተ መንግሥትን ነው፤ ምግብ ቤትን አይደለም። የምግብ ቤት ጠረጴዛ ሌላ ጥያቄ አለው።

ጥያቄው የማይተዋወቁ ሰዎች ጉዳይ ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በፊት አውሮፓ ውስጥ ከቤቱ ውጭ የሚበላ ሰው የእንግዳ ማረፊያ ሄዶ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ የቀረበውን ይበላ ነበር። የቀረበው ሳሕን እርሱ ጋ ሳይደርስ ቢያልቅ የራሱ ጉዳይ ነው። በፓሪስ የተፈጠረው ሬስቶራንት ይህን ሁሉ ለወጠው። የራስ ጠረጴዛ፣ ዋጋው የተጻፈበት ዝርዝር፣ በፈለጉት ሰዓት መምጣት፣ የመረጡትን ብቻ መክፈል። ይህ ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ግን ተለያይተው መብላት ጀመሩ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሹካ፣ ማንኪያና ቢላዋ ማቅረብ የቤቱ ግዴታ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤትህን ስለማታውቀው ከእርሱ ጋር ሳሕን አትጋራም፤ ቤቱም ይህን መለያየት በዕቃ ያረጋግጥልሃል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ለተማሪዎቻችን ፈተና ዋና ምንጭ የሆነው ነው። ቀድሞ በታላላቅ ቤቶች የነበረው «የፈረንሳይ አቀራረብ» የሚባለው ነበር። የአንድ ዙር ምግቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ በጠረጴዛው ላይ በውበት ይደረደራሉ፤ እንግዶች ከአጠገባቸው ካለው ያነሣሉ፤ ለጎረቤታቸውም ያነሡለታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ለ«ሩሲያ አቀራረብ» ቦታውን ለቀቀ። በ1810 ገደማ በፓሪስ የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ልዑል ኩራኪን እንዳስተዋወቀው ይነገራል። በዚህ አቀራረብ ምግቡ አንድ በአንድ፣ በየተራው፣ በአሳላፊዎች እጅ ይመጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ትኩስ ምግብ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። ያስከተለው ነገር ግን ብዙ ነው። በጠረጴዛው ላይ ምግብ ስለሌለ ቦታው ባዶ ሆነ፤ ስለዚህ አበባ መጣ። እንግዳው ምን እንደሚመጣ ስለማያይ የተጻፈ ሜኑ አስፈለገው። እያንዳንዱ ዙር የራሱን ዕቃ ስለሚጠይቅ ሹካና ቢላዋው በተራቸው ተሰለፉ፤ የመጀመሪያው ዙር ዕቃ በውጭ፣ የመጨረሻው ወደ ሰሐኑ ተጠግቶ። «ከውጭ ወደ ውስጥ» የሚለው፣ ስንቱን እንግዳ ያስጨነቀ ደንብ፣ የዚህ ቅደም ተከተል ጥላ ነው እንጂ የጨዋነት ምስጢር አይደለም። ቅርጫት ሙሉ ዕቃ የሚጠይቅ አቀራረብ ብዙ አሽከርም ይጠይቃል፤ ያን ያህል ሠራተኛ ያለው ቤት ደግሞ ባለጸጋ ቤት ነው። በዚህም ምክንያት የዕቃው ብዛት የክብር መለኪያ ሆነ።

ከየት በኩል ይቀርባል የሚለውም ምክንያት አለው። ከትሪ የሚነሣ ምግብ በእንግዳው ግራ በኩል ይቀርባል፤ እንግዳው በቀኝ እጁ እንዲያነሣ። መጠጥ በቀኝ በኩል ይቀዳል፤ ብርጭቆው በቀኝ ስለሆነ። ሁሉም የሚዞረው በቀኝ እጅ ዙሪያ ነው፤ ቀኝ እጅን ማክበር ለእኛ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አይመስለኝም።

ስለ ዓሣ ቢላዋ አንድ ነገር ልበልና አልፋለሁ። በ1840 በእንግሊዝ በርሚንግሃም የኤልኪንግተን ቤት በኤሌክትሪክ ኃይል ብርን በሌላ ማዕድን ላይ የመለበጥ ዘዴን በፓተንት አስመዘገበ፤ በፈረንሳይም ክሪስቶፍል ይህንኑ ሥራ ያዘ። ቀድሞ የመኳንንት ብቻ የነበረው የብር ዕቃ ሆቴሎችና መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች የሚገዙት ሆነ፤ የዕቃው ዓይነትም ተባዛ። የዓሣ ቢላዋ የዚህ ዘመን ልጅ ናት። ተራ የብረት ስለት ከሎሚና ከዓሣ ጋር ሲነካካ ጣዕሙን ያበላሻል፤ ብር ግን አያበላሽም። ከዚያ በ1913 ሃሪ ብሬርሊ በሸፊልድ የማይዝግ ብረት አገኘ። የዓሣ ቢላዋ ምክንያት በዚያው አበቃ። ቢላዋዋ ግን አልሄደችም። ዛሬም በፈተና ላይ ተማሪ ያመጣታል፤ ይደረድራታል፤ ማርክ ያገኝባታል። ዓሣ ሲበላ ሁልጊዜ እሾሁን በጣቱ እየለቀመ ያደገ የዝዋይ ወይም የባሕር ዳር ልጅ እንኳ።

ሥርዓቱ ሙያ የሆነው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ሴዛር ሪትዝና ኦጉስት ኤስኮፊዬ በ1889 በተከፈተው የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል፣ ኋላም በ1898 በተከፈተው የፓሪሱ ሪትዝ፣ ወጥ ቤቱንና አዳራሹን በሥራ ክፍል አደራጁት። በ1893 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሎዛን የመጀመሪያው የሆቴል ትምህርት ቤት ተከፈተ። «ደረጃ» የሚባለው ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ፣ በክፍል ተምረውት፣ ተፈትነው የሚያልፉት ነገር የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፤ የዛሬ 130 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ዘላለማዊ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ደረጃ አልነበረንም የሚለውን ማስተባበል ለታሪክ ሰው ከባድ አይደለም። «ሥርዓተ ግብር» የሚባል፣ የመካከለኛው ዘመን የቤተ መንግሥታችንን ግብዣ የሚደነግግ ጽሑፍ አለን፤ የጀርመኑ ሊቅ ማንፍሬድ ክሮፕ አጥንቶ ለዓለም አቅርቦታል። ለማን ምን ያህል ምግብና መጠጥ እንደሚሰጥ የሚዘረዝር ነው። ርእሱን እንኳ ብታዩት «ሥርዓት» ይላል፤ ዛሬ ደረጃ የምንለው ይኸው ነው። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው የቤተ መንግሥቱን አስተዳደርና ሥርዓት በሰፊው መዝግበው አቆይተውልናል።

በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባው አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላ ነበር። ይህን ያህል ሰው ያለ ጥብቅ ሥርዓት ማብላት የሚቻል አይደለም። መጀመሪያ ንጉሡና ታላላቆቹ መኳንንት፤ ንጉሡ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረዳል። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው እንደየማዕረጉ በተራ ይገባል። አጋፋሪው በር ይጠብቃል፣ ቦታ ይሰጣል። ዛሬ በትልቅ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ «ስንት ሰው ናችሁ?» የሚለው ሠራተኛ የእርሱ የሩቅ ዘመድ ነው። ብርንዶው በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ሁለት ሰዎች ተሸክመውት በተመጋቢዎች መካከል ያልፋል፤ ተመጋቢውም የፈለገውን ቆርጦ ያነሣል። አሳላፊው ነጠላውን አደግድጎ፣ ማለትም በወገቡ አሥሮ፣ ይቆማል። በአውሮፓ አሳላፊ ክንድ ላይ የሚታጠፈው ነጭ ፎጣ ከዚህ ጋር በሥራው አንድ ነው፤ ሁለቱም «እኔ በሥራ ላይ ነኝ፣ እናንተን አገለግላለሁ» ይላሉ።

የጠጁን አቀዳድ ደግሞ ተመልከቱ። ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። ምክንያቱ መርዝ ነው። በአውሮፓ ምግብ ቤት ወይን ሲከፈት አስተናጋጁ ጥቂት ቀድቶ ለጋባዡ ያቀምሰዋል፤ ምክንያቱ ወይኑ እንዳልተበላሸ ማረጋገጥ ነው። በአንዱ አገልጋዩ ለጌታው ይቀምሳል፤ በሌላው ጋባዡ ለእንግዶቹ ይቀምሳል። በጣልያንም ቢሆን «ክሬደንሳ» የተባለው የምግብ ዕቃ ማስቀመጫ ስሙን ያገኘው ምግብ በእርሱ ላይ ተቀምሶ ከመርዝ ነጻ መሆኑ ስለሚረጋገጥ ነው፤ ቃሉ «እምነት» ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሥርዓቶች ጥልቅ በሆነው ነገራቸው የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚያበላኝን ሰው ልመነው ወይስ አልመነው? የአውሮፓው ምግብ ቤት መልሱን በተለየ ዕቃ ሰጠ። የእኛው ገበታ መልሱን በእጅ ሰጠ፦ ፊትህ ታጥቤ፣ ከአንድ መሶብ በልቼ፣ በጣቴ አጉርሼህ።

ጄምስ ብሩስ ይህ ነገር ነው የከበደው። በጎንደር የነበረውን ግብዣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሲገልጽ፣ ወንዶቹ ራሳቸው እንደማይጎርሱ፣ በጎናቸው ያሉ ሴቶች ጠቅልለው እንደሚያጎርሷቸው ጽፏል። ብሩስ የሚያየውን በጥሩ ሁኔታ ያይ ነበር፤ ነገር ግን ጉርሻን እንደ መስተንግዶ ሥርዓት ሳይሆን እንደ ትርኢት አየው። ይህ አመለካከት ከእርሱ ጋር አልቀረም። እኔን የሚያሳስበኝ በእኛው መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም መኖሩ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

እቴጌ ጣይቱ ይህን ጉዳይ ከማንም በፊት በተግባር ያዩ ሰው ይመስሉኛል። በ1887 የእንጦጦ ማርያም ሲመረቅ የሰጡትን ታላቅ ግብዣ ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ተመራማሪ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምግብ ቅርጽ የያዘበት ወቅት አድርጎ ይተረጉመዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ እቴጌይቱ በፒያሳ ሆቴላቸውን ከፈቱ። ምግብ መሸጥ ለነውር በሚቆጠርበት አገር ሆቴል መክፈት ቀላል አልነበረም። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ሂሳብ እንደከፈሉ፣ ሌላውም እንዲለምድ እንዳደረጉ ይተረካል። ተረኩ እስከ ዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ የሚያነሣው ጉዳይ ታላቅ ነው። በገንዘብ የሚበላ ሰው እንግዳ ነው ወይስ ደንበኛ? ለእንግዳ ውኃ ታፈስለታለህ፣ «በሞቴ» ትለዋለህ። ደንበኛን «በሞቴ» ትለዋለህ?

ከዚህ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ1930 የንግሥ በዓል የአውሮፓ ልዑካን ሲመጡ የቤተ መንግሥቱ ገበታ በሁለት ሥርዓት መናገር ነበረበት። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ፓስታና ሹካ አብረው በከተሞቻችን ተስፋፉ፤ እኛም ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልለን በመብላት ምላሻችንን ሰጠን። ይህን ቀልድ አታድርጉት፤ ሹካዋ በአጠገብ ተቀምጣ ሳለ እጅን መምረጥ የሚናገረው ነገር አለው። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአዲስ አበባ ሲፈረም፣ በ1969ም ሂልተን ሲከፈት፣ ከተማዋ ዓለም አቀፍ ሆቴል ያስፈልጋት ነበር፤ በዚያው በ1960ዎቹ መጨረሻ የሆቴልና ቱሪዝም ሙያ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች የተማሩት የሎዛንን ሥርዓት ነው፤ መማራቸውም ትክክል ነበር። ይህን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። እንግዳ የለመደውን ሲያገኝ ያርፋል።

የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንዱ ገበታ «ደረጃ» ተባለ፣ ሌላው «ባህል» ተባለ። ደረጃ የተባለው ይለካል፣ ይፈተናል፣ ደመወዝ ይጨምራል። ባህል የተባለው ይጨፈርበታል። በባህል ምግብ ቤት ውኃ የምታስታጥበዋ፣ ወጡን በእንጀራው ላይ በቦታ በቦታው በጭልፋ የምታወጣዋ፣ የዶሮውን 12 ብልት አውቃ ፈረሰኛውን ለማን እንደምታወጣ የምትወስነዋ ሴት ሙያተኛ ናት። የምታውቀው ነገር አንድ ምግብ አሳላፊ ስለ ሳሕን ከሚያውቀው አያንስም። ነገር ግን በየትኛውም የምስክር ወረቀት ላይ ስሙ ስላልተጻፈ «ያልሠለጠነች» ትባላለች። ሰባት ዕቃ የሚደረድረው ወጣት «ሠልጣኝ» ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ያልተጻፈ ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው። ለዚህ ከቁርጥ ቤት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እዚያ ማንም የሎዛንን መጽሐፍ አላነበበም። እንግዳው ገብቶ ሥጋውን ከመስኮቱ አጠገብ ይመርጣል፤ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ጎድን፤ በፊቱ ይመዘናል፤ እንጀራ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣና ሰናፍጭ ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቢላዋ ይመጣል። ስለታም ነው፤ ክብ ጫፍ የለውም። ሹካ የለም። ሉዊ 14ኛ የከለከለው በአዲስ አበባ ዛሬም በየቀኑ ይቀርባል፤ ሰላምም አልደፈረሰም። አውሮፓ ሹካን ተቀብላ ቢላዋን አደነዘዘች፤ እኛ ቢላዋን ይዘን ሹካን ተውናት። አንዱ ከሌላው የሠለጠነ ነው ለማለት የሚያስችል የታሪክ ሚዛን አላገኘሁም።

በሚያስገርም ሁኔታ የእኛን ገበታ ለማያውቀው ሰው መጀመሪያ በጽሑፍ ለማስረዳት የተገደዱት ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዋሽንግተን የተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች፣ ሹካ ለምን እንዳልቀረበ፣ እንጀራ እንዴት እንደሚቆረስ፣ ጉርሻ ምን እንደሆነ በሜኑ ላይ መጻፍ ነበረባቸው። ኩስኩስቱ በአንዳንድ ቤት በሞቀ እርጥብ ፎጣ ተተካ። ትሪ ላይ ከተነጠፈው ሌላ የተጠቀለለ እንጀራ በጎን ማቅረብም ለማይተዋወቁ እንግዶች የሚመች አገልግሎት ሆነ። አሁን ያልኩትን አስታውሱ፤ የፓሪስ ሬስቶራንት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥያቄ በሹካ መለሰ። የዋሽንግተን ኢትዮጵያዊ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በተጠቀለለ እንጀራ መለሰ። ይህ ደረጃ ማውጣት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እዚህ አገር ቤት ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ዓይናችን ሥር ሆኖ አናየውም። በአዲስ አበባ ማንኛውም ምግብ ቤት ስትገቡ እጅ መታጠቢያው በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን በአዳራሹ ውስጥ፣ በግልጽ፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ይገኛል። በአውሮፓ መመገቢያ አዳራሽ ይህ የለም፤ እጁ በሹካ ስለተተካ አላስፈለገም። የእኛ ቧንቧ የኩስኩስቱ ልጅ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በየሕንፃው በር ላይ ውኃና ሳሙና በቀናት ውስጥ ቆመ፤ ጉርሻና የጋራ መሶብ ደግሞ ለጊዜው ተቋረጡ። ያ ወቅት ሁለቱንም ወገን ፈትኗል። ከአንድ ትሪ መብላት በሽታ ያስተላልፋል የሚል ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ ሥርዓቱ ለዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል። መልሱ ግን ሹካ ብቻ ነው ማለት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ማንበብ ነው።

እኔ ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነው። የገበታ መስተንግዶ ኮርሳችን የአውሮፓውን እንደያዘ ይቀጥል፤ በአጠገቡ የእኛው ይጻፍ፣ ይለካ፣ ይፈተን። ማስታጠብ፣ ማዕድ ማቅረብ፣ ወጥ ማውጣት፣ ብልት መደልደል፣ ጠጅ መቅዳት፣ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ማቅረብ፣ የጾምና የፍስክ ሳሕን መለየት። ለመጻፍ ስንቀመጥ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ባለፈው መንፈቅ ለተማሪዎቼ አቅርቤው ነበር። በአንድ ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ አባት፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ከሩቅ የመጣ ወጣት እንግዳና ሂሳቡን የምትከፍል ሴት ጋባዥ ተቀምጠዋል። አስታጣቢው ኩስኩስቱን ይዞ መጥቷል። ከማን ይጀምራል? ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ደቂቃ ተከራከረ፤ የጎጃሙ ከወሎው፣ የአዲስ አበባው ከሁለቱም አልተስማማም፤ ሁሉም ግን ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱንም ከቤቱ ያመጣው ነው። ከእናንተም የምጠብቀው ይህንኑ ነው፤ መልስ ያለው ሰው እጁን ያውጣ።